ያልተቃጠለችው ቅጠል

በስብሰባ ላይ በፈቃዱ እጁን የሚያወጣ ገበሬ ብዙ አላጋጠመኝም። በልማት ሠራተኝነት ቀወት ወረዳ ውስጥ ከቀበሌ ቀበሌ ስዞር ስለኖርኩ ይህን ያህል አውቃለሁ። ሰው እጁን የሚያወጣው ምርጥ ዘር ይታደላል ብሎ ሲጠረጥር ወይም ስብሰባው ተበትኖ ወደ ቤቱ መሄድ ሲያምረው ነው። በ2008 ዓ.ም. ነሐሴ መግቢያ ላይ ግን «የእርዳታውን በቆሎ የዘራችሁ እጃችሁን አውጡ» ብዬ ስጠይቅ አስካለ እጇን አወጣች። ዘርታለች፣ ተጠየቀች፣ አወጣች። ከዚህ የተለየ ምክንያት አልነበራትም።

«ሌላስ?» አልኩ። ሰዉ ሁሉ መሬት መሬቱን ያያል። ከእርዳታው ዘግኖ ጓሮው የበተነው እሷ ብቻ እንዳልሆነች እኔም አውቃለሁ፣ እነሱም ያውቃሉ። ወደ ወረዳ የሄደው ግን የአስካለ ስም ብቻ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ በፊት ከነበረው ዓመት ነው። የ2007 ክረምት የይፋትን ቆላ ሳይነካ አለፈ። ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ በቆመበት ደረቀ፣ ጤፉ ጭራሽ አልበቀለም፣ ከብቱ ወደ ሮቢ ወንዝ እየተነዳ እርጥብ አሸዋ ሲልስ ከረመ። ሰዉ መጀመሪያ ያለውን በላ፣ ቀጥሎ ለዘር ያስቀመጠውን በላ። ከዚያ እርዳታ መጣ፤ በቆሎ ነበር። ጆንያው ላይ ለምግብ እንጂ ለዘር እንዳይውል በፈረንጅ አፍ ታትሞበታል። ግን ጆንያ የሚፈለገው ለማንበብ አይደለም፣ ተተርትሮ በር ላይ ለመጋረድ ነው።

አስካለ ባሏ ከሞተባት ቆይቷል። ያላት ከሸዋ ሮቢት ከተማ በታች ግማሽ ጥማድ የማትሞላ ማሳና ሻሼ የምትባል አንዲት ላም ናት። እርዳታ ሲታደል ስም የሚጠራው በየክፍሉ ነው፤ የመጨረሻው ክፍል «የደሃ ደሃ» ይባላል። ቃሉን ያወጣነው እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ነን፤ ጮክ ተብሎ ሰው መሀል ሲጠራ እንዴት እንደሚሰማ ያሰበበት ያለ አይመስለኝም። የሚጠራው ደግሞ እኔ ነበርኩ። «የደሃ ደሃ፣ አስካለ» ስል ሰዉን ሰንጥቃ ትመጣለች፣ ድርሻዋን ትቀበላለች፣ ፊቴን ግን አታየኝም። ዓመቱን ሙሉ አላየችኝም።

ከየድርሻዋ አንዳንድ እፍኝ እየቀነሰች ቅል ውስጥ ታስቀምጥ እንደነበር የሰማሁት ኋላ ነው። የቀነሰችው ተርፏት አይደለም፣ እየራባት ነው። የ2008 ክረምት ደግነቱ በሰዓቱ ገባ። ቅሉን ገልብጣ ዘራችው፤ በቆሎውም ቅጠሉ ሰፊ፣ ቁመቱ እኩል ሆኖ ወጣላት። አንድ ቀን በማሳዋ ጥግ ሳልፍ ከአገዳው ውስጥ ብቅ አለች።

«ደረጄ፣ ይሄ ከደረሰልኝ ስሜን በዚያ ድምፅ ዳግመኛ አትጠራውም» አለችኝ።

የተቆጣችኝ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳስበው አልተቆጣችም፤ የምትዘራው ለምን እንደሆነ ነው የነገረችኝ። እኔም በልቤ ይድረስልሽ አልኳት።

ከበላይ የመጣው መመሪያ ደግሞ ሌላ ነገር ይላል። የእርዳታው እህል ውስጥ «ልውጠ ሕያው» የሚባል፣ በቤተ ሙከራ ዘረመሉ የተነካካ በቆሎ ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። ተዘርቶ ከሆነ ይመርመር፤ ልውጥ ሆኖ ከተገኘ ወይም ልውጥ አለመሆኑ ካልተረጋገጠ ሳያብብ ይነቀል። «ካልተረጋገጠ» የምትለዋን ቃል ያኔ እንደዋዛ ነው ያለፍኳት።

ለምርመራው ፍቅሩ የሚባል ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጣ። ደብረ ሲና ላይ የደረበውን ሹራብ ሮቢት ሲወርድ በክንዱ አንጠልጥሎታል፤ ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፤ ሲጠየቅ ደግሞ ከመመለሱ በፊት ያስባል። በእኛ ሥራ ይህ ጠባይ ብዙ አያስኬድም። የያዘው አንዲት ሳጥን ብቻ ነው። ውስጧ በትንሽ ጠርሙስ አረም ማጥፊያ፣ የሥዕል ብሩሽና ቀይ ክር አለ። ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳጥኗን ሲከፍትልኝ ከበድ ያለ መሣሪያ ጠብቄ ስለነበር ቅር አለኝ።

«በዚህ ነው የምትመረምረው?» አልኩት።

«በዚህ ነው። አየህ፣ ሳይንቲስቱ የሚፈልገውን ባሕርይ፣ ለምሳሌ ትል የሚቋቋምበትን፣ ተክል ውስጥ ሲያስገባ ከብዙ ሺህ ሴል የሚቀበለው ጥቂቱ ነው። የትኛው እንደተቀበለ በዓይን አይለይም። ስለዚህ ከሚፈልገው ጋር ሌላ ዘረመል አጣምሮ ይሰዳል፤ አረም ማጥፊያ እንዲቋቋም የሚያደርግ። ከዚያ ሁሉንም አረም ማጥፊያ ያጠጣቸዋል። የሞተው ሞተ፤ የተረፈው ያን የተፈለገውን የተቀበለው ነው ማለት ነው።»

«ምስክር አብሮ ላከ በለኛ።»

«እንደዚያ በለው። የምስክርነቱ ሥራ እዚያው ቤተ ሙከራ ውስጥ አልቋል፤ ዘረመሉ ግን ከዘሩ አይወጣም፣ ከተክል ወደ ተክል ይተላለፋል። እኔ ቅጠሉ ላይ ይሄን መድኃኒት እቀባለሁ። የቀባሁት ቦታ ከተቃጠለ በቆሎው እንደማንኛውም በቆሎ ነው። አረንጓዴ ሆኖ ከቆየ ግን ያ ምስክር አለበት።»

«ቅጠሉ ቢቃጠል ተክሉ አይሞትም?»

«የተቀባችው ቦታ ብቻ ናት። ተክሉ ምንም አይሆንም።»

ለባለማሳዋ ይህን እንዳልነግራት ግን አስጠነቀቀኝ። ትርጉሙን ያወቀ ሰው ውጤቱን ይነካካል፣ የአሠራሩ ደንብ ነው አለኝ። ደንቡን ያወጣው ሰው ቀወትን እንደማያውቃት ገመትኩ፤ ግን ደንብ ነው።

በነጋታው ማሳው ላይ ወጣን። አስካለን ሁለት ጎረቤቶቿ አጅበዋታል፤ ጋሼ ኢብራሂምና ባለቤታቸው ፋዲላ። የጋሼ ኢብራሂም ማሳ ከአስካለ ማሳ የሚለየው በአንዲት ቀጭን ድንበር ነው፤ የአንድ ለአምስቱ ቡድን መሪም እሳቸው ናቸው። ፋዲላ ብዙ አትናገርም፣ ሰው ሲቸገር ግን ቀድማ ትደርሳለች። የአስካለ ባል የሞተ ጊዜ ቤቱን ይዛ የሰነበተችው እሷ ናት። በሃይማኖት ምክንያት ሥጋ ለየብቻ ይበላሉ፤ ሌላው ሁሉ ከአንድ ቤት እንደወጡ ነው።

ፍቅሩ ከየመስመሩ አንዳንድ ተክል እየመረጠ አገዳው ላይ ቀይ ክር አሰረ፤ ከእያንዳንዱም አንድ ቅጠል እየያዘ በብሩሽ ቀባ። አስካለ ከኋላ ከኋላው ትከተለዋለች።

«መድኃኒቱ ምን ያደርገዋል?» አለችው።

«ለምርመራ ነው እትዬ።»

«ያመዋል?»

ፍቅሩ እንደ ልማዱ አሰበ። «ማሳዎን አይጎዳም። ክር ያለበትን እንዳይነቅሉብኝ ብቻ። በቀረው እንደወትሮዎ ይሁኑ፤ በሳምንቱ መጥቼ አያለሁ።»

እንደወትሯቸው ሆኑ።

በሳምንቱ ስንመለስ ማሳውን ወዲያው አላወቅሁትም። አረሙ አንድ ሳይቀር ተነቅሏል፣ መግቢያው ተጠርጓል፣ በመስመሮቹ መሀል ያለው አፈር ተኮትኩቶ ተስተካክሏል። ጋሼ ኢብራሂም ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ የቡድኑ አባላት ከኋላቸው ተደርድረው ይጠብቁናል። ነገሩ የገባኝ እዚያው ነው። የበላይ አካል ማሳ ሊያይ ሲመጣ ማሳው ይጸዳል፤ አቀንጭራና ሌላው አረም ይነቀላል፣ የቀጨጨው ተክል ይወገዳል፣ የደረቀ ቅጠል ተለቅሞ ለከብት ይሰጣል። «የመስክ ቀን» ይባላል። ለዓመታት ይህን ያስተማርናቸው እኛው ነን፤ እኛንም ወረዳ አስተምሮናል፤ ወረዳንም ማን እንዳስተማረው እሱ ያውቃል።

ፍቅሩ ቀይ ክር ወዳለበት የመጀመሪያ ተክል ሄዶ ጎንበስ አለ። ቀጥሎ ወደ ሁለተኛው ሄደ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ቀና አለ።

«የቀባኋቸው ቅጠሎችስ?»

«እነዚያማ ታመሙ» አሉ ጋሼ ኢብራሂም። «ጫፋቸው እንደ እሳት ተለበለበ። ለእንግዳ አይሆንም ብዬ ቡድኑን ጠራሁና አስለቀምኩ። ክር ያለበትን አትንቀሉ ብለዋል፤ አንድ እንኳ አልነቀልንም፣ ወላሂ።»

«ለቅማችሁ የት ጣላችሁት?»

ፋዲላ በአገጯ ወደ ቤቱ ጠቆመች። ሻሼ ከደጅ ታስራ ታመነዥካለች።

ፍቅሩ ድንበሩ ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ የተናገረው የላሟን ወተት ለጥቂት ቀን እንዳይጠጡ ነበር፤ ይህን ማሰቡን ወደድኩለት። ከዚያ ደንቡን ትቶ ለእኔ የነገረኝን ሁሉ ነገራቸው። ቀስ ብሎ ነው የነገራቸው፣ ሁሉም ሰምተውታል። ሲጨርስ አስካለ ጠየቀችው።

«እንግዲህ የሚበጀኝ ቢቃጠል ነው?»

«አዎ።»

«ተቃጥሎ ነበር እኮ። በዓይናችን ነው ያየነው።»

«ሁሉም?»

አስካለ ወደ ፋዲላ ዞረች። «የተቃጠለ ያየነውን ለቀምን» አለች ፋዲላ። «ያልተቃጠለ ይኑር አይኑር አላየንም። ያልተቃጠለውማ ደህና ቅጠል ነው።»

«እኔም አሁን ባየው አልለየውም» አለ ፍቅሩ። «መድኃኒቱ ሲደርቅ አይታይም። ያላየሁትን አየሁ ብዬ ደግሞ መጻፍ አልችልም።»

«ቢጽፉት ማን ያየዋል» አሉ ጋሼ ኢብራሂም። ለማባበል አይደለም፤ እውነት መጠየቃቸው ነው። ፍቅሩ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ ወደ በቆሎው ተመለከትኩ፤ በስንት ሪፖርት ስንት ያላየነውን እንደጻፍን ለዚህ ልጅ መንገር አላሰኘኝም።

«አንድ ጊዜ እደግመዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ከሳምንት በኋላ ግን ከአናቱ ወንዴው አበባ ይወጣል። ዱቄቱን ነፋስ ከወሰደው የሚያርፈው የእርስዎ ማሳ ላይ ነው ጋሼ ኢብራሂም። ያኔ የእርስዎም ይጠረጠራል፣ ከእርስዎ ቀጥሎ ያለውም። ስለዚህ ሦስተኛ ጊዜ የለም። ወይ ንጹሕ መሆኑን አያለሁ፣ ወይ ይነቀላል።»

እነዚያኑ ተክሎች አዲስ ቅጠል ላይ ቀባ። በዚህኛው ግን የቀባው ቦታ እንዳይጠፋው በግራና በቀኝ በእስክሪብቶ አሰመረበት። ወደ አጣዬ ሌላ ሥራ ነበረው፤ ሲመለስ እንደሚያየው ነግሮን ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ዳመና ሆነ። ዝናቡ ጠዋት ይመጣል፣ ያካፋል፣ ይሄዳል። ቅጠሎቹ አረንጓዴ እንደሆኑ ናቸው። ፍቅሩ ዘንድ ስደውል መድኃኒቱ ፀሐይ ይፈልጋል፣ ታገሡ አለኝ። መታገሥ ለእኔ ቀላል ነው፤ ደመወዜ በቆሎ ላይ አይበቅልም።

አስካለ ከማሳዋ አልጠፋ አለች። ቡድኑ ለኩትኳቶ ሲመጣ አመስግና መለሰችው፤ ልጆች በዚያ በኩል እንዳያልፉ ከለከለች። አንድ ጠዋት በድንበሩ ሳልፍ አንዲት ክር የታሰረባት በቆሎ ፊት ቆማ አየኋት። እጇን ወደ ኋላ አጣምራዋለች፤ ቅጠሏን ላለመንካት መሆኑ ነው። «ድረቂ» ትላታለች ቀስ ብላ፣ «እባክሽ ድረቂልኝ።» ባለፈው ክረምት ማሽላዋን አትድረቅብኝ ብላ ስትለምን የሰማኋት ሴት ናት። አሳዘነችኝ፤ ሳላሰማት አለፍኩ።

ጋሼ ኢብራሂም መፍትሔ ነበራቸው። እኔም ባለሁበት ነው ያነሱት። «አስካለ፣ ትንሽ ፍም በጉማጅ እንጨት ይዞ ነካ ነካ ማድረግ ነው። ተቃጥሎ ማየት ነው የፈለገው፣ ተቃጥሎ ያያል። ያልቃል በቃ።»

«አይሆንም ጋሼ፣ እባክዎን።»

«ምን ይጎዳሻል?»

«እኔን ላይጎዳኝ ይችላል። ነፋሱ ግን ወደ እርስዎ ነው የሚነፍሰው። ነገር ካለበት እርስዎ ጋ ይገባል። እውነቱን አይቶ ይንገረኝ።»

«እውነቱ ካልበጀሽስ?»

«ካልበጀኝ ያኔ አዝናለሁ» አለች። ጋሼ ኢብራሂም «ሱብሃነላህ» አሉ። ፋዲላ ከኋላቸው ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

በመጨረሻ ፀሐይ ወጣ፤ የሮቢት ፀሐይ ከወጣ ደግሞ ያው የሮቢት ፀሐይ ነው። ቅጠሎቹ አንድ በአንድ መንደድ ጀመሩ። መጀመሪያ ገረጡ፣ ቀጥለው ቡና ዓይነት ሆኑ፣ ከዚያ ደረቁ፤ ያውም ልክ በእስክሪብቶው መስመሮች መሀል። አስካለ ፊቷ ተፈታ። ቤቷ ጎራ ስል ቀልድ ቢጤ ቀለደችብኝ፤ ድምፅህን አሳርፈው፣ በእኔ ስም ዳግመኛ አትደክምም አለችኝ። ደስ አለኝ። የመንገዱ ዳር ያለችው፣ የጋሼ ኢብራሂም ድንበር አጠገብ የቆመችው ተክል ግን ቅጠሏ ገና አረንጓዴ ነበር። አይቻታለሁ። አስካለም እዚያች ጋ ስትደርስ ከሌሎቹ ይልቅ እንደምትዘገይ አይቻለሁ። ሁለታችንም ስለሷ አላነሳንም።

ፍቅሩ በጳጉሜን መግቢያ መጣ። ቡድኑ ተጠራርቶ ከዳር ቆሟል፤ ማሳውን ግን ማንም አልጠረገውም፣ አረሙም ትንሽ ብቅ ብሏል። ፍቅሩ ከመስመር መስመር እየሄደ እያንዳንዱን ቅጠል ገልብጦ አየ። ቃጠሎው በመስመሮቹ ውስጥ ነው፤ ከመስመሮቹ ውጭ ቅጠሉ ለምለም ነው። በሄደ ቁጥር ፊቱ እየቀለለው መጣ። አንዴ ወደ አስካለ ዞሮ ፈገግ አለ፤ ከመጣ ጀምሮ ፈገግ ሲል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አስካለ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትከተለዋለች።

የመንገዱ ዳር ያለችው ተክል ዘንድ ደረሰ። ቅጠሏ ተቃጥሏል። ግን ቃጠሎው መስመሩን አልፎ ሄዷል፤ መሀሉ ላይ ቀዳዳ አለ፣ የቀዳዳው ከንፈር ከስሏል። ፍቅሩ ጣቱን አሳለፈበት። ጣቱ ጠቆረ።

«ይሄን መድኃኒት አይደለም ያቃጠለው» አለ። «እሳት ነው።»

አስካለ ቅጠሏን አየቻት። እንዳልነካቻት ፊቷ ላይ ይታያል፤ እንዳልነካቻት ግን የሚያውቀው እንደኔ ሲያያት የከረመ ሰው ብቻ ነው። ጋሼ ኢብራሂም እጃቸውን ዘርግተው «እኔ አይደለሁም፣ አላህ ያውቃል» አሉ። ማንም ሳይጠይቃቸው ነው ያሉት።

«እኔ ነኝ» አለች ፋዲላ ከዳር። ሁላችንም ዞርን። ወደ ማሳው ገብታ አስካለ አጠገብ ቆመች። «አስካለ አታውቅም። እሷን እንዳትቀጧት። ትናንት ማታ እሳት ጭሬ ስመለስ ነው የነካኋት።»

ፍቅሩ አልተቆጣም። «ሌሎቹንስ ነክተዋል?»

«ሌሎቹን ምን ብዬ እነካለሁ? ሌሎቹ በራሳቸው ተቃጥለው የለ እንዴ። እሷ ብቻ ናት እንቢ ያለችው።»

ተናግራ ከጨረሰች በኋላ ነው የተናገረችው የገባት። ነጠላዋን ጎትታ ፊቷን ሸፈነች። ከዳር የቆሙት ሰዎች መሀል አንድ ሰው «ውይ» አለ።

ፍቅሩን ወደ ጎን ወሰድኩት። «ብሩሽህ ስቷት ይሆናል» አልኩት። «ወይ ዝናቡ አጥቦት።»

«ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ከቻለ ታዲያ ለምን ይነቀላል?»

«ሊሆን ይችላል ማለት አላውቅም ማለት ነው። አላውቅም ያልኩት ማሳ ደግሞ እንዲነቀል ነው የተጻፈው።»

«እንደገና ቀባት።»

በጣቱ ወደ ላይ አሳየኝ። ከአንዳንዶቹ በቆሎዎች አናት ላይ አበባው ብቅ ብሏል፤ ነካ ቢደረግ ዱቄቱ የሚረግፍ ይመስላል። ያናደደኝ ልጁ አለመሳሳቱ ነው።

አስካለ ሰምታናለች። «ይህችን አንዷን ብነቅላትስ?» አለችው ፍቅሩን።

«እትዬ፣ እኔ የመረመርኩት ክር ያሰርኩባቸውን ብቻ ነው። ከነሱ መሀል አንዷ ካጠራጠረች ካልመረመርኳቸው መሀል ስንት እንዳለ አላውቅም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አስካለ ማሳዋን ከዳር እስከ ዳር አየችው። ከዚያ ከድንበሩ ማዶ ያለውን የጋሼ ኢብራሂምን በቆሎ አየች፤ የገዙት ዘር ነው፣ ከሷ ትንሽ ያጥራል። እስካሁን ሳስበው የሚገርመኝ ማንም «ጀምሪ» አለማለቱ ነው። ጎንበስ ብላ የመንገዱን ዳር ተክል ከነሥሯ መነገለቻት፣ አጠገቧ ያለችውን ደገመች።

«ነፋስ ሳይነሳ እንንቀል» አለች።

ፋዲላ ክንዷን ያዘቻት፤ ታለቅሳለች። «አጠፋሁሽ አስካለ።»

«ተይ አንቺ። እኔም አይቻት ነበር። ዝም አልኩ እንጂ አንቺ ያየሽውን አይቻለሁ።» ከዚያ እሷም አለቀሰች፤ እያለቀሰች ነቀለች።

ማሳውን ያጸዳው ያው ቡድን ነው የነቀለው። ጋሼ ኢብራሂም ጀለቢያቸውን አውልቀው ጉድጓድ ቆፈሩ። መመሪያው ለከብት መስጠትም ይከለክላል፤ የበቆሎው ሽታ ሲደርሳት ሻሼ ገመዷን እየጎተተች እስኪመሽ ጮኸች። ፍቅሩ የዚያችን ተክል ቅጠል በወረቀት ጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ አስገባ። በትልቅ ቤተ ሙከራ ይታያል፣ ውጤቱ ሲደርስ ይነገራችኋል አለን። ሲሄድ አስካለን ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቃት። ሁለት ጊዜም «አንተ ምን ታደርግ» አለችው።

ውጤቱ አልመጣም። መጀመሪያ ስደውል ወረፋ ላይ ነው ተባልኩ፣ ቀጥሎ ፍቅሩ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሯል ተባልኩ፣ ከዚያ ስልኩን የሚያነሳ ጠፋ። ያች ቅጠል ብሩሽ የሳታት ትሁን፣ ዝናብ ያጠባት ትሁን፣ ወይ በእርግጥ ምስክሩ የነበረባት ትሁን አላውቅም። በመስከረም በየጓሮው ያለው፣ ማንም እጁን ያላወጣበት የእርዳታ በቆሎ አበባ አወጣ። ዱቄቱን ነፋስ ወደ ፈለገው ወሰደው። እሸቱ ሲደርስ ለአስካለም ያልላከላት ጎረቤት የለም፤ ተቀበለች።

በኅዳር እርዳታ መጣ። በዚህኛው እህል አልነበረም፤ ዳግመኛ ማንም እንዳይዘራው ተፈጭቶ በዱቄት ነው የመጣው። አሠራሩ ጥሩ ነው ተባለ። ሰዉ መጋዘኑ ፊት ተሰበሰበ፣ የስም ወረቀቱም እንደወትሮው ለእኔ ተሰጠኝ። ከላይ ጀምሬ ስጠራ ቆይቼ የመጨረሻው ክፍል ላይ ደረስኩ። ክፍሉን ዘልዬ ስሟን ብቻ ልጠራ አስቤ ነበር። ዱቄቱን የሚሰጠው አዳይ ግን ከየትኛው ክፍል እንደሆነች ካልሰማ መጠኑን አያውቅም።

«የደሃ ደሃ» አልኩ። ድምፄን ዝቅ አደረግሁት፤ ዝቅ ሲል ሰዉ ምን አለ ብሎ ጸጥ አለና ይበልጥ ተሰማ። «አስካለ።»

ሰዉን ሰንጥቃ መጣች። በዚህ ጊዜ ፊቴን አየችኝ። ጆንያው ሲሰጣት አፉን ፈታችና እጇን እስከ ክንዷ ድረስ ከታ ዱቄቱን ወዲያ ወዲህ ዳበሰች። ሰዉ ይጠብቃል፣ አዳዩም ይጠብቃል። እጇን ስታወጣው እስከ ክርኗ ነጭ ሆኗል፤ መዳፏ ውስጥ ምንም የለም።

«ምን ጠፋብሽ?» አላት አዳዩ።

«ዘር» አለች።

ፋዲላ ከኋላ መጥታ የጆንያውን ሌላ ጫፍ ያዘችላት፤ ለሁለት ተሸክመው የነፋዲላ አህያ ላይ ጫኑት። እኔም ቀጣዩን ስም ጠራሁ።